የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ

የኢትዮጵያን ጥንታዊ ኪነ ሕንጻ የሚያጠኑ ሊቃውንት ደጋግመው ከሚመለሱባቸው ማስረጃዎች መካከል በ1898 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 1906) በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ግንባር ቀደም ቦታ አላቸው። ፎቶግራፎቹን ያነሣው በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጥናት ጓድ ነው። ሊትማን የቋንቋና የጥንታዊ ጽሑፍ ሊቅ ሲሆን፣ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የኪነ ሕንጻ ባለሙያዎች፣ ኤሪኽ ካሽከ ደግሞ ሐኪም ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዳቸውን ሰጥተው፣ ደጃዝማች ገብረ ሥላሴም በትግራይ ተቀብለው ረድተዋቸው፣ ጓዱ የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። የሥራው ውጤት በአራት ጥራዝ በበርሊን የታተመው እ.አ.አ. በ1913 ነው።

ካሜራ የኢትዮጵያን ምድር ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጠ ማለት አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመሐንዲስ ክፍሉ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። የእነዚያ ተግባር ግን የዘመቻውን መንገድ፣ የመሬቱን አቀማመጥና የጦርነቱን ሰዎች መዝግቦ ማስቀረት ነበር። የአክሱሙ ጓድ ዓላማ ከዚህ ይለያል። ለእርሱ ሕንጻው ራሱ እንደ ሰነድ የሚነበብ ነገር ነበር። ፎን ሉፕከ ከጊዜ በኋላ በበርሊን የነበረውን የመለኪያ ፎቶግራፍ ተቋም የመራ ሰው መሆኑም እዚህ ላይ ሊጤን ይገባል። ይህን ተቋም የመሠረተው አልብረኽት ማይደንባወር ያስተማረው ጥበብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ካሜራው የቆመበት ቦታና የመነጽሩ የትኩረት ርቀት ከታወቀ፣ ከተነሣው ሥዕል ላይ የሕንጻውን ቁመትና ወርድ አስልቶ ማውጣት ይቻላል። በዚህ አስተሳሰብ የሠለጠነ ዓይን ቤተ ክርስቲያንን ሲያይ ውበቱን ብቻ አያይም፤ ድንጋዩ ከእንጨቱ ጋር እንዴት እንደተያያዘም ይጠይቃል።

እንዲህ ላለው ጥያቄ ከደብረ ዳሞ የበለጠ መልስ የሚሰጥ ሕንጻ በአገሪቱ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ገዳሙ ዙሪያውን ገደል በሆነ አምባ ላይ የተቀመጠ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ምእት ዓመት ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ተስበው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ያሠራው ንጉሥ ገብረ መስቀል ነው ይባላል። ዛሬም የሚወጣው 15 ሜትር ያህል በሚሆን ቀጥ ያለ ገደል ላይ በተንጠለጠለ ገመድ ነው። ለፎቶግራፍ አንሺው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ምስል የሚያዘው በመስተዋት ሳህን ላይ ስለነበረ፣ ከባዱ የካሜራ ሣጥን፣ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያና ተሰባሪዎቹ ሳህኖች ሁሉ በገመድ መሳብ ነበረባቸው።

ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ርዝመቱ 20 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ከ10 ሜትር በጥቂት ያነሰ፣ አራት ማዕዘን ሕንጻ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተነባበረ የተሠራ ነው። ረጃጅሞቹን አግዳሚ እንጨቶች ከግድግዳው ጋር ጠፍረው የሚይዙት አጫጭር ወጋግራዎች ጫፋቸው ክብ ሆኖ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ በተለምዶ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ግድግዳውም ወጥ ሆኖ አይዘልቅም፤ አንዱ ክፍል ሲገባ ሌላው ይወጣል። እንዲህ ያለ ሥራ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ የሚያገኘው ጥቅም አለ። ጎን ለጎን በሚመታ የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ እያንዳንዱ የዝንጀሮ ራስ ጥላውን በድንጋዩ ላይ ይጥላል፤ የገባውና የወጣው ይለያል፤ ቀለም ስለሌለ የተመልካች ዓይን በአሠራሩ ላይ ያርፋል።

የውስጡ ነገር ሌላ ነው። መስኮቶቹ ጥቃቅን በመሆናቸው ብርሃኑ ደካማ ነው። የዚያ ዘመን ሳህኖች በዝግታ የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ረጅም ጊዜ ካልተጠበቀ ወይም የማግኒዥየም ዱቄት ካልተለኮሰ በቀር ምስል አይዙም። በመግቢያው ክፍል ጣራ ላይ ያሉት የእንጨት ቅርጾች፣ አንበሳው፣ ዝሆኑ፣ ግመሉና ሌሎቹ አራዊት፣ ጥልቀት ያላቸው ቅርጾች በመሆናቸው ጥቁርና ነጩ አይጎዳቸውም። ቀለም የተቀባው ሥዕል ግን ይጎዳል። በዘመኑ የተለመዱት አብዛኞቹ ሳህኖች ቀይን ስለማይቀበሉ፣ ደማቅ ቀይ የነበረው እንደ ጥቁር፣ ሰማያዊው ደግሞ እንደ ነጣ ያለ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መምህራን የዘመኑን ፎቶግራፍ ለተማሪ ሲያሳዩ ጨለማ ሆኖ የሚታየው ቦታ ሁሉ በእርግጥ ጨለማ ነበር ብለው ባያስተምሩ ይሻላል። ከሁሉም በላይ፣ ካሜራ ከመቅደሱ መጋረጃ ማለፍ አይችልም። በሥርዓቱ ምእመን የማይገባበት ስፍራ በመሆኑ የቤተ ክርስቲያን ፎቶግራፍ ሁሉ በዚህ በኩል ጎደሎ ነው፤ ጎደሎነቱም የሚያስከፋ አይደለም።

የፎቶግራፎቹ ዋጋ በጎላ ሁኔታ የታየው ክሬንከር ሐሳቡን በማስረጃ ባቀረበ ጊዜ ነው። በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጹት ክብ ክብ ጉብታዎች ምን እንደሆኑ የሚያስረዳ ሕያው ምስክር ያስፈልግ ነበር። የደብረ ዳሞ ግድግዳ ከሐውልቱ ጎን ሲደረደር ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ የሐውልቱ ጠራቢ በድንጋይ ላይ ያስቀረው ባለ ብዙ ፎቅ ቤት፣ በሩና መስኮቱ ሳይቀር፣ ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ የሚሠራውን ቤት ነው። ክሬንከር መሠረታቸው ብቻ የቀረውን የአክሱም ቤተ መንግሥታት በሥዕል መልሶ ያቆመው በዚህ ላይ ተመርኩዞ ነው።

በዚህ ክርክር ሁለተኛ ምስክር የነበረው የአሥመራው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። እርሱም በዚያው በጥንቱ ዘዴ፣ በድንጋይና በእንጨት ንብብር፣ ከነዝንጀሮ ራሱ የተሠራ ነበር። ጓዱ ለካው፣ ነደፈው፣ ፎቶግራፍም አነሣው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በኢጣልያ አገዛዝ ዘመን፣ አሮጌው ሕንጻ ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠራ። ዛሬ ያንን ግድግዳ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ፎቶግራፉና ወደ ንድፉ ከመሄድ በቀር መንገድ የለውም። አፍራሾቹ ክፉ አስበው ነበር ለማለት አይቻልም፤ ለአሮጌው ምትክ አዲስና ሰፊ ቤተ ክርስቲያን መሥራት በየዘመኑ እንደ በጎ ሥራ የተቆጠረ ነው። በየገጠሩ የሣር ክዳን በቆርቆሮ የተተካውም በዚሁ ልማድ ነው። ግን ከማፍረስ በፊት አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ቢቆም ምን ያህል እንደሚተርፍ የአሥመራው ምሳሌ ያሳያል።

ደብረ ዳሞ የተሻለ ዕድል ገጠመው። ተዳክሞ የነበረው ቤተ ክርስቲያን እ.አ.አ. በ1948 በእንግሊዛዊው አርክቴክት በደሬክ ማቲውስ መሪነት ታደሰ፤ ማቲውስም ከኢጣልያዊው ተመራማሪ ከአንቶንዮ ሞርዲኒ ጋር ሆኖ ስለ ገዳሙ ያጠናው ጽሑፍ እ.አ.አ. በ1959 ታተመ። ማንኛውም እድሳት ከአሮጌው ጋር አዲስ ነገር ስለሚቀላቅል፣ ከእድሳቱ 42 ዓመት ቀድሞ የተነሣው ፎቶግራፍ የትኛው የጥንት፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ ለመለየት የሚያገለግል መነሻ ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰን የጀርመኑን ጓድ ሥራ እ.አ.አ. በ1997 በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ከነሥዕሎቹ ማሳተሙም ይህንኑ ጥቅም ወደ ብዙ አንባቢ አደረሰው። በ1913 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ገዳሙ ጉዳት እንደደረሰበት ከተዘገበ ወዲህ ደግሞ እነዚህ አሮጌ ሥዕሎች እንደገና ይገለጣሉ።

በየዓመቱ ጥቅምት 14 ቀን በአቡነ አረጋዊ በዓል ወንዶቹ በገመድ ወደ አምባው ሲወጡ፣ ሴቶቹ በገዳሙ ሕግ መሠረት ከገደሉ ሥር ሆነው ያከብራሉ። የዝንጀሮ ራሶቹንና በጣራው ላይ የተቀረጸውን ዝሆን ከእነርሱ መካከል ያየች ብትኖር፣ ያየችው በፎቶግራፍ ነው።