ሙዚቃ ማዳመጥ በእስልምና፦ ሊቃውንት የተከራከሩበትና የተስማሙበት

ጎንደር፦ የመኸር ሰብል ተሰብስቦ እህል ጎተራ ሲገባ በደጋው ገጠርም ሆነ በከተማው የሠርግ ዝግጅት ይጀመራል። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ከድግሱ ወጪ ባልተናነሰ የሚያነጋግር አንድ ጉዳይ አለ። ኒካህ ከታሰረ በኋላ በሠርጉ ቤት ምን ይደመጣል? አያት ድቤው ይመታ፣ መንዙማውም ይባል ይላሉ። ሙሽራው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ድምፅ ማጉያ ተከራይቶ ዘፈን ማስገባት ይሻል። በመድረሳ የተማረው ወንድም ደግሞ ሁለቱም አይፈቀዱም ባይ ነው። መግባባት ሲጠፋ ማዕድ ሳይቀርብ ተነሥቶ የሚሄድ ዘመድ አይታጣም፤ ለአንድ ቀን የተነሣው ክርክርም የዓመታት ቅሬታ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄው ግን ትናንት የተነሣ አይደለም። የእስልምና ሊቃውንት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ክርክራቸውን በቅጡ የተከታተለ ሰው የተለያዩበትን ብቻ ሳይሆን የተስማሙበትንም ያገኛል።

ቀሐና የሰፈሩ ታሪክ

የቀሐ ወንዝ የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚገኝበትን ሸለቆ አልፎ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበ ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖቹ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በዚህም የተነሣ ሙስሊሞቹ ከቤተ መንግሥቱ በታች፣ በቀሐ አቅጣጫ ባለው ዝቅተኛ ስፍራ ሰፈሩ። አዲስ ዓለም በሚል ስም የሚታወቀው የሙስሊሞች ሰፈር ለረጅም ዘመን የነጋዴዎችና የሸማኔዎች መኖሪያ ሆኖ ቆይቷል።

ውሳኔው ሰፈርን ቢለይም ድምፅን አልለየም። አዛንና የማኅሌት ዜማ በአንድ ሰማይ ሥር ይሰማሉ፤ በሠርግና በሐዘንም ጎረቤት ከጎረቤት አይለያይም። ስለዚህ ሙዚቃ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ጥያቄ የመስጂድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የጉርብትናም ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ቃሉን መለየት

ክርክሩን ከሚያወሳስቡት ነገሮች አንዱ «ሙዚቃ» የሚለው ቃል ስፋት ነው። ቁርአንን በተጅዊድ ሥርዓት ማንበብም ሆነ አዛን ማሰማት ድምፅን ማሳመር ቢኖርበትም በእስልምና እንደ ሙዚቃ አይቆጠርም። ነሺዳና መንዙማ ፈጣሪን የሚያመሰግኑ፣ ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያወድሱና ሰውን የሚመክሩ ናቸው። ዘፈን ደግሞ የፍቅር፣ የትዝታና የጨዋታ ግጥም ከነዜማው ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያም ራሱን የቻለ ሌላ ርዕስ ነው። ሊቃውንቱ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ወጥ ፍርድ አልሰጡም።

እንዲህ ያለው ልዩነት ለሀገሬው አዲስ አይደለም። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድም መዝሙርና ዘፈን ሁለቱም ዜማ ቢኖራቸው በአንድ ስም አይጠሩም፤ በቅኔ ማኅሌት የሚመታ ከበሮና በሠርግ የሚመታ ከበሮም በአንድ ዓይን አይታዩም።

የሚከለክሉት የሚያቀርቡት ማስረጃ

በቁርአን ውስጥ ሙዚቃን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል አንቀጽ የለም። የሚከለክሉት ሊቃውንት የሚጠቅሱት የሉቅማን ምዕራፍ 6ኛ አንቀጽ ሰውን ከአላህ መንገድ ለማሳት ከንቱ ወሬን ስለሚገዙ ሰዎች ይናገራል። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሆነው ዐብደላህ ኢብን መስዑድ ይህን «ከንቱ ወሬ» ዘፈን ነው ብሎ ተርጉሞታል።

ሁለተኛው ማስረጃ በቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ የሚገኝ ነው። ይህ ሐዲስ ወደፊት ዝሙትን፣ ሐርን፣ አስካሪ መጠጥንና የሙዚቃ መሣሪያን እንደ ተፈቀደ የሚቆጥሩ ሰዎች እንደሚመጡ ያስጠነቅቃል። መሣሪያው ከተከለከሉ ነገሮች ጋር አብሮ መጠራቱ ክልክልነቱን ያሳያል ይላሉ። የአንዳሉሱ ሊቅ ኢብን ሐዝም የሐዲሱ የዘገባ ሰንሰለት የተቆረጠ ነው በማለት ማስረጃነቱን አልተቀበለም። ኢብን ሐጀርን የመሰሉ የሐዲስ ሊቃውንት በበኩላቸው ሰንሰለቱ የተያያዘ መሆኑን በማስረዳት መልስ ሰጥተዋል።

የሚፈቅዱት የሚያቀርቡት ማስረጃ

የሚፈቅዱት ሊቃውንትም ማስረጃቸውን ከሐዲስ መጻሕፍት ያወጣሉ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደ ተዘገበው፣ በአንድ የዒድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች በነቢዩ ባለቤት በዐኢሻ ቤት ይዘፍኑ ነበር። አባቷ አቡበክር ገብተው ሲቆጧቸው ነቢዩ ቀኑ የበዓል ቀን መሆኑን በመግለጽ ልጃገረዶቹን እንዲተዋቸው ነገሯቸው። ዐኢሻ አንዲት ሙሽራን ወደ መዲና ሰው ቤት ባደረሰች ጊዜም ነቢዩ ጨዋታ አልነበረም ወይ ብለው እንደ ጠየቁ፣ የመዲና ሰዎች ጨዋታ እንደሚወዱም እንደ ተናገሩ ተዘግቧል።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ዘገባም አለ። በዒድ ቀን የሐበሻ ሰዎች በነቢዩ መስጂድ በጋሻና በጦር ይጫወቱ ነበር። ዑመር ሊከለክሏቸው ቢሞክሩ ነቢዩ ተዋቸው አሏቸው፤ ዐኢሻም በነቢዩ ትከሻ ተከልላ እስክትጠግብ ድረስ ጨዋታውን ተመለከተች። ይህ ዘገባ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚናገር ባይሆንም በበዓል ቀን ጨዋታና ደስታ ቦታ እንዳላቸው ለማስረዳት ይጠቀሳል።

የእረኛው ዋሽንትና የደቦው ዜማ

ለአርሶ አደሩ ኑሮ የቀረበው ዘገባ በአቡ ዳውድ መጽሐፍ የሚገኘው የእረኛው ታሪክ ነው። የዑመር ልጅ ዐብደላህ ከናፊዕ ጋር በመንገድ ሲሄድ የዋሽንት ድምፅ ሰማ። ጆሮዎቹን በጣቶቹ ደፍኖ ከመንገዱ ዘወር አለ፤ ድምፁ አሁንም ይሰማህ እንደሆነ ናፊዕን እየጠየቀም ተጓዘ። ድምፁ ሲጠፋ ጣቶቹን አወጣና ነቢዩ እንዲህ ሲያደርጉ ማየቱን ተናገረ። የሚከለክሉት ሊቃውንት ጆሮ መድፈኑን ማስረጃ ያደርጉታል። የሚፈቅዱት ደግሞ እረኛው እንዲያቆም አልታዘዘም፤ ናፊዕም ጆሮውን እንዲደፍን አልተነገረውም በማለት ይከራከራሉ። አቡ ዳውድ ራሱ ዘገባውን ደካማ ያለው ሲሆን የተቀበሉት ሊቃውንትም አሉ። አንዱን ታሪክ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ ማድረጋቸው የክርክሩን ጠባይ ያሳያል።

ስለ ሥራ ዜማ ግን እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት የለም። መዲናን ለመከላከል ምሽግ ሲቆፈር ነቢዩና ባልደረቦቻቸው አፈር እየተሸከሙ ግጥም በዜማ ይሉ እንደ ነበር ቡኻሪ ዘግቧል። አንጀሻ የተባለው የግመል ነጂም በዜማው ግመሎቹን ያፋጥን ነበር። ነቢዩ የተቀመጡት ሴቶች እንዳይጎዱ ቀስ እንዲል መከሩት እንጂ ዜማውን አልከለከሉትም። ስለሆነም በደቦ አጨዳም ሆነ በአውድማ ላይ ድካምን ለመርሳት ያለ መሣሪያ የሚባል ንጹሕ ግጥም በብዙኃኑ ሊቃውንት ዘንድ ችግር የለበትም።

የአራቱ መዝሀቦች አቋም

በአራቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማለትም በሐነፊ፣ በማሊኪ፣ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች የብዙኃኑ አቋም የአውታርና የትንፋሽ መሣሪያዎችን መከልከል ነው። ዱፍ የተባለው ባለ አንድ ፊት ከበሮ ግን በሠርግና በበዓል ይፈቀዳል። በኢትዮጵያ ብዙ ተከታይ ያለው የሻፊዒ መዝሀብ መሥራች ኢማም አሽ-ሻፊዒ ዘፈንን የተጠላ ጨዋታ ብለውታል፤ ዘፈንን ሥራው ያደረገ ሰውም ምስክርነቱ አይቀበሉትም ብለዋል።

ከዚሁ መዝሀብ የወጣውና እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። የሃይማኖት እውቀቶችን ስለ ማነቃቃት በጻፈው ታላቅ መጽሐፉ ስለ ማዳመጥ አንድ ክፍል ሰጥቶ ዜማ በራሱ ክልክል እንዳልሆነ ያስረዳል። በእርሱ አስተያየት ፍርዱ የሚወሰነው በግጥሙ ይዘት፣ በመሣሪያው ዓይነት፣ በስብሰባው ሁኔታና በሰሚው ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1328 ያረፈው ኢብን ተይሚያ ደግሞ መሣሪያንም ሆነ ዜማን የአምልኮ መንገድ ማድረግን አጥብቆ ተቃውሟል።

በቅርቡ ዘመንም ልዩነቱ ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1963 የአል-አዝሀር ሸይኽ የነበሩት ማሕሙድ ሸልቱት እና እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፉት ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ ሙዚቃን በቅድመ ሁኔታ ፈቅደዋል። የሳዑዲ ዐረቢያ ታላቅ ሙፍቲ የነበሩት ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ በአንጻሩ ክልክል ነው ብለዋል።

መንዙማ፦ የሀገር ውስጥ መልስ

ክርክሩ በመጻሕፍት ሲካሄድ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ለዜማ የራሳቸውን ቦታ ሰጥተዋል። በወሎ እንደ ጀማ ንጉሥና ዳና ያሉ የትምህርትና የዚያራ ማዕከላት መንዙማ የሚደረስባቸውና የሚባልባቸው ስፍራዎች ሆነው ኖረዋል። አንዱ ያወርዳል፣ ጉባኤው ይቀበላል፤ ጭብጨባና ድቤ ይከተላሉ። ግጥሙ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በኦሮምኛ ይደረሳል። ብዙዎቹም አጀሚ በሚባለው ስልት ማለትም የሀገር ቋንቋን በዐረብኛ ፊደል በመጻፍ ተላልፈዋል። ሸይኽ ጠልሃ ቢን ጀዕፈር በዚህ ስልት በአማርኛ ከጻፉት የወሎ ሊቃውንት አንዱ ናቸው።

መንዙማ ውበት ብቻ አልነበረም። ዐረብኛ ለማያውቀው ገበሬ የሃይማኖቱን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያደረሰው፣ በድርቅና በበሽታ ጊዜም የጋራ ጸሎት የሆነለት እርሱ ነው። በሐረርም ዚክሪ ከበሮ እየተመታ ይባላል፤ ዚክሪ የሚሰማበት የሹዋሊድ በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይህ ልማድ ግን ተቃዋሚ አላጣም። ድቤ፣ ጭብጨባና የመውሊድ አከባበር በነቢዩ ዘመን ያልነበሩ የኋላ ጭማሪዎች ናቸው የሚሉ ወገኖች አሉ። ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ የሚቀርበው ነሺዳ በወጣቶች ዘንድ መወደዱም ከዚህ ክርክር ጋር ይያያዛል። በመሐል የሚጎዳው አረጋውያን በቃላቸው የያዙት ያልተጻፈ መንዙማ ነው። ተተኪው ትውልድ ክልክል ነው ብሎ ሲሸሸው ወይም እንደ ተራ ዘፈን ሲያየው ግጥሙ ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይወርዳል። ድቤውን የማይቀበል ሰው እንኳ ግጥሙ ተጽፎ እንዲቀመጥ ለማድረግ የሚከለክለው ነገር የለም።

የጋራው መሬት

ሊቃውንቱ ከተስማሙባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ዋናዎቹ ናቸው።

አንደኛ፣ ግጥሙ ዝሙትን፣ መጠጥን፣ የሰውን ክብር መንካትን ወይም በፈጣሪ ላይ ማጋራትን የያዘ ከሆነ ያለ መሣሪያም ቢባል ክልክል ነው።

ሁለተኛ፣ የሶላትን ሰዓት የሚያሳልፍ ወይም ግዴታን የሚያስረሳ ጨዋታ በማንኛውም ወገን ተቀባይነት የለውም።

ሦስተኛ፣ አስካሪ መጠጥና ልቅነት ያለበት ስብሰባ በዜማው ምክንያት ሳይሆን በራሱ የተከለከለ ነው።

አራተኛ፣ በሠርግ ቀን ደስታን መግለጥና ጋብቻውን በዱፍ ማሳወቅ የተደገፈ ነው። ሙዚቃን አጥብቀው የሚከለክሉት ሊቃውንት ሳይቀሩ፣ በተለይ ሴቶች በመካከላቸው ዱፍ መምታታቸውን ይፈቅዳሉ።

አምስተኛ፣ ሊቃውንት በማስረጃ በተለያዩበት ጉዳይ አንዱ ሌላውን ከሃይማኖት የወጣ አድርጎ ማየት አይገባውም።

ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ ከእነዚህ ነጥቦች ቢነሣ የሚጨቃጨቅበት ነገር ይቀንሳል። ድግሱ ከመድረሱ በፊት ሁለቱ ወገኖች ከሽማግሌዎችና ከሚያምኑት የአካባቢ ዓሊም ጋር መምከር ይችላሉ። ድቤውና ዱፉ በየትኛው ሰዓት እንደሚመታ፣ የትኛው ግጥም እንደሚባል፣ ለሶላት መቼ እንደሚቆም አስቀድሞ ከተነጋገሩ ማንም በሰው ፊት ተቆጥቶ አይነሣም። ከመሣሪያ የሚርቅ ዘመድ ካለም ነሺዳ ወይም መንዙማ ያለ ድቤ በሚባልበት ሰዓት ቢጠራ፣ ሠርጉንም እምነቱንም ሳያጣ ይመለሳል። ለክርስቲያን ጎረቤትም ለምን ዘፈን እንደ ቀረ አስቀድሞ ቢነገረው ዝምታውን እንደ ቅሬታ አይቆጥረውም።

አቡበክር በልጃገረዶቹ ላይ የተቆጡት ለሃይማኖታቸው ተቆርቁረው ነበር፤ ልጃገረዶቹም የዘፈኑት በዓላቸው ስለ ነበረ ነው። ነቢዩ አቡበክርን አላሳፈሩም፤ የልጃገረዶቹንም ደስታ አላቋረጡም። ሠርግ ደጋሾች ከየትኛውም የፍርድ ወገን ቢቆሙ፣ ከዚያች ቤት የሚወስዱት ትምህርት አንድ ነው፤ የተቆጣም የተደሰተም ሳይለያይ በአንድ ቤት ሊያድር ይችላል።