አላይመንት በሜትርና በጠመኔ
አላይመንት የመኪና ጎማዎች እርስ በርሳቸውና ከመኪናው አካል ጋር ያላቸውን አቅጣጫ መለካትና ማስተካከል ነው። በዋናነት የሚለኩት ሦስት ናቸው። ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ አናቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ፣ ካስተር ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ መጋደሉ፣ ቶ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች ከላይ ሲታዩ በፊት በኩል መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ነው። ከሦስቱ ጎማን ቶሎ የሚያስበላው አብዛኛውን ጊዜ ቶ ነው፤ ያለ ማሽን በደንብ የሚለካውም እሱው ነው። ስለዚህ ቶን በግቢ መለካት ዘይት እንደማየት ያለ የባለመኪና ልማድ ሊሆን ይገባል።

ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ምክንያቱን ያሳያል። የብቸና አካባቢ ጤፍ የሚወደው ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በላዩ የተሠራ መንገድም አብሮት ይነሳል፣ ይሰምጣል። በተለይ ወደ ገጠር በሚገነጠሉት የጠጠር መንገዶች ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ግፊቱ የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ፣ ታይሮድ፣ ላይ ያርፋል፤ ታይሮድ ጥቂት ቢጎብጥም መኪናው መሄዱን አያቆምም። ጉዳቱ በሒሳብ ሲታይ ግን ያስደነግጣል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በፊት በኩል ከኋላው በ6 ሚሊ ሜትር ቢያንስ የእያንዳንዱ ጎማ ድርሻ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ብቸናና ሞጣ በቀጥታ መስመር ሲለኩ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። አንድ የደርሶ መልስ ጉዞ እያንዳንዱን ጎማ ከ800 ሜትር በላይ ወደ ጎን ይፍቀዋል ማለት ነው። ፍቀቱ በመዳፍ ይዳሰሳል፦ እጅ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሄድ ጥርሱ ለስልሶ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲመለስ እንደ መጋዝ ከያዘ ጎማዎቹ በፊት በኩል ከልክ በላይ ተቀራርበዋል።

ለመለካት ሜዳ መሬት፣ ሜትር፣ ጠመኔና ምስማር ይበቃሉ። የሁለቱም ጎማ ነፋስ እኩል ይደረጋል። እያንዳንዱ የፊት ጎማ በተራው በክሪክ ተነስቶ መሐሉ ጠመኔ ይቀባል፤ ጎማው እየዞረ ምስማር ሳይነቃነቅ ሲያዝበት ቀጭን መስመር ይወጣል። መኪናው ከክሪክ ወርዶ መሪው ቀጥ እንዳለ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይገፋል፤ ከክሪክ እንደወረደ ከተለካ ጎማዎቹ ተጨናንቀው ስለሚቆሙ ልኩ ይዋሻል። ከዚያ በጎማው እምብርት ቁመት ላይ፣ በፊት በኩል፣ ከመስመር እስከ መስመር ይለካል፤ የተለካበት ነጥብም ምልክት ይደረግበታል። መኪናው ግማሽ የጎማ ዙር ወደ ፊት ሲገፋ ያው ነጥብ ወደ ኋላ ይዞራል፤ እዚያም ይለካል። ይህ እርምጃ መዘለል የለበትም፤ ቸርኬው የተወላገደ ቢሆን እንኳ ስሕተቱን የሚያጣፋው እሱ ነው። ልዩነቱ ከአምራቹ መጽሐፍ ጋር ይነጻጸራል፤ በብዙ የቤት መኪኖች ከዜሮ እስከ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው።

አንደኛው ተቃውሞ ሜትር የኮምፒውተር ማሽንን ያህል አይታመንም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ካምበርና ካስተርም በዚህ መንገድ አይስተካከሉም፤ የኋላ ጎማዎችም ሳይታዩ ይቀራሉ። ሆኖም ጎማ የሚያስበላ ስሕተት ብዙ ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በጥንቃቄ ተለክቶ አንድ ሚሊ ሜትር የሚስት ሜትር ያጋልጠዋል። ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ መሪ የሕይወት ጉዳይ ነው የሚል ነው። ለእሱ የሚሆነው መልስ መለካትን ከመፍታት መለየት ነው። ማንም ይለካ፤ የታይሮዱ ማጥበቂያ ዳዶ የሚፈታው ግን መገጣጠሚያዎቹ ደህና መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ጎማው ተነስቶ ግራና ቀኙን ይዘው ሲነቀንቁት ከተንቋቋ ታይሮድ፣ ላይና ታቹን ይዘው ሲነቀንቁት ከሆነ ኩሽኔታ ወይም ቦልጆንት አልቋል። ያለቀ ነገር ላይ አላይመንት መሥራት ገንዘብ መጣል ነው፤ የጎበጠ ታይሮድም ይለወጣል እንጂ በመዶሻ አይቃናም። ማስተካከሉ ላይ ሲደረስ ደግሞ ትዕግስት ያስፈልጋል። የታይሮዱ ክር በአንድ ዙር የሚሄደው 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የመሪው ክንድ 13 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ጎን አንድ ሙሉ ዙር ማዞር በጎማው ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይለውጣል። ስለዚህ በሩብ ዙር፣ ግራና ቀኙን እኩል እያዞሩ መሄድ ይሻላል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተዞረ መኪናው ቀጥ ሲል መሪው ይጣመማል። በመጨረሻም ማጥበቂያው ዳዶ በደንብ ይጠብቃል።

ሁሉም ችግር የአላይመንት አይደለም። በክረምት የዋልካ ጭቃ ቸርኬው ውስጥ ተጋግሮ ሲደርቅ፣ ፍጥነት በተጨመረ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል፤ መድኃኒቱ ጭቃውን ፍቆ ማጠብ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለተሸጋገረች፣ ውሃ እንዲፈስ ወደ ዳር ያዘነበለ አስፋልት ላይ መኪና ጥቂት ወደ ቀኝ ቢል የመንገዱ ነው። የአይሱዙ የጭነት መኪናዎች ጉዳይም ይለያል። የፊት አክስላቸው ድፍን፣ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው አንድ ረጅም ታይሮድ ነው፤ ከአክስሉ ኋላ ስለሚገኝ ሲረዝም ጎማዎቹ በፊት በኩል ይቀራረባሉ። የመሪው መጣመም ደግሞ ከመሪ ሳጥኑ በሚመጣው ሌላ ዘንግ ለብቻው ይስተካከላል።