ከገፈርሳ ሜዳ እስከ «ፀሐይ»

ወደ አዲስ አበባ የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25 ሲሆን፣ ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ቡራዩ አጠገብ በሚገኘው የገፈርሳ ሜዳ አረፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ አገሪቱ የራሷን አውሮፕላን ሠራች። ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት ትንሽ አውሮፕላን በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። አፍንጫዋ ላይ 7 ሲሊንደሮች በክብ የተደረደሩበት የቼክ ሥሪት ዋልተር ሞተር ነበራት። ሞተሩ ከውጭ መምጣቱ የሥራውን ክብር አይቀንስም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ስትበር የጣልያን ወረራ ከተጀመረ ሁለት ወር አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ተማርካ ወደ ጣልያን ተወሰደች፤ ለአሠርት ዓመታትም በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ቆየች። ጣልያን ለኢትዮጵያ የመለሰቻት ጥር 2016 ዓ.ም. ነው።