ውለታና ኮሮጆ

አምባገነን በወደቀ ማግስት ሁሉም የሚጠይቀው "ማን ታገለው?" ብሎ ነው። ምርጫ ሲደርስ ግን ጥያቄው ይለወጥና "ነገ ማን ያስተዳድረኝ?" ይሆናል። በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ወድቀው የቀሩ ፓርቲዎች ብዙ ናቸው። ዛሬ የፖርቱጋልንና የስፔንን ኮሚኒስቶች ታሪክ እናውጋችሁ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፖርቱጋል እንጀምር። ኤፕሪል 25 ቀን 1974 መኮንኖች ተነሥተው 48 ዓመት የዘለቀውን አገዛዝ በአንድ ቀን ገረሰሱት። በዚያ ሁሉ ዘመን በኅቡዕ ተደራጅቶ የቆየው ዋነኛው ኃይል በ1921 የተመሠረተው የኮሚኒስት ፓርቲ ነበር። መሪው አልቫሮ ኩንያል ከአሥር ዓመት እስር በኋላ በ1960 ከፔኒሽ እስር ቤት ከጓዶቹ ጋር አምልጦ ተሰዷል። አገዛዙ በወደቀ በአምስተኛው ቀን ሊዝበን ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሚኒስትር ሆነ። ፓርቲው በሠራተኛ ማኅበራትና በደቡቡ የአሌንቴዡ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ ጉልበት አገኘ።

አብዮቱ ልክ አንድ ዓመት ሲሞላው ምርጫ ተደረገ። ከተመዘገበው መራጭ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ወጣ። ኮሚኒስቶቹ 12.5 በመቶ አገኙ። አንደኛ የወጣው፣ ወደ 38 በመቶ ድምፅ ያገኘው የሶሻሊስት ፓርቲ፣ ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር! በሰሜን ያለው ባለ ጥቂት መሬትና አጥባቂ ካቶሊክ ገበሬ "መሬቴን ይወስዱብኛል" ብሎ ፈርቷል። በዚያው በጋ በሰሜን የፓርቲው ቢሮዎች እየተጠቁ ተቃጠሉ።

ወደ ስፔን እንሻገር። ጄኔራል ፍራንኮ በኖቬምበር 1975 ሞተ። እዚህም ለዓመታት እስሩንና ስደቱን የተሸከሙት በዋናነት ኮሚኒስቶች ናቸው። መሪያቸው ሳንቲያጎ ካሪዮ በ1976 ዊግ አድርጎ በድብቅ አገሩ ገባ። በጃንዋሪ 1977 ቀኝ አክራሪዎች ማድሪድ ውስጥ አቶቻ በሚባል ጎዳና ከፓርቲው ጋር የተሳሰሩ የሠራተኛ ጠበቆች ቢሮ ገብተው አምስት ሰው ገደሉ። ብዙ ሺህ ሰው ቀብራቸውን በጸጥታ ሸኘ፤ በቀል አልተነሣም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 9፣ ፓርቲው ሕጋዊ ሆነ። ካሪዮም ንጉሡንና የመንግሥቱን ባንዲራ ተቀበለ።

በጁን 1977 ምርጫ ያገኙት ግን 9.3 በመቶ፣ ከ350 ወንበር 20 ብቻ ነበር። ሶሻሊስቶቹ 118 ወሰዱ። ለምን? አንዱ ምክንያት ፊታቸው ነው። ካሪዮ 62 ዓመቱ ነበር፤ ከስደት የተመለሰችው ዝነኛዋ ዶሎሬስ ኢባሩሪ 81። ሰው ሲያያቸው የእርስ በርስ ጦርነቱ ትዝ ይለዋል። የሶሻሊስቶቹ መሪ ፌሊፔ ጎንዛሌዝ ደግሞ የ35 ዓመት ጎልማሳ ነበር።

"ቢለወጡ ኖሮ ይተርፉ ነበር" የሚል አይጠፋም። ስፔኖቹ ተለውጠዋል፤ በ1978 ሌኒንን ሳይቀር ከመርሐቸው አወጡ። በ1982 ግን እርስ በርስ ተከፋፍለው አራት ወንበር ብቻ ቀራቸው። ፖርቱጋሎቹ በአንጻሩ ለመለወጥ እምቢ አሉ። እንዲያውም በ1979 ከአጋሮቻቸው ጋር ወደ 19 በመቶ ደረሱ። ግትርነቱ ዕድሜያቸውን አረዘመው እንጂ አላዳናቸውም፤ በ2025 ምርጫ ጥምረታቸው ያገኘው ከ230 ወንበር ሦስቱን ነው። ኩንያል በ2005 ሲሞት ግን ሊዝበን ላይ የቀብሩ ሕዝብ ጎዳናውን ሞልቶት ነበር። ሕዝቡ ውለታውን አልረሳም፤ ግን ውለታን የሚከፍለው በኮሮጆ አልነበረም።

እኛን ይህን ታሪክ እንድናነሣ ያደረገን የዓመቶቹ መገጣጠም ነው። የኛም አብዮት የፈነዳው በዚያው በ1974፣ በኛ በ66 ነው። የስፔን ኮሚኒስቶች ለምርጫ ቅስቀሳ አደባባይ በወጡበት በ1977 አዲስ አበባ ውስጥ የግራው ወጣት ይታደን ነበር። መጀመሪያ ኢሕአፓ፣ ቀጥሎ መኢሶን ተመቱ፤ እርስ በርስም ተገዳደሉ። ከመካከላቸው ሕዝቡ የትኛውን ይመርጥ እንደነበር የጠየቀ የለም። ካርድም ኮሮጆም አልነበረም።

የማድሪዱ ሽማግሌ ኮሚኒስት በምርጫው ተሸነፈና ወደ ቤቱ ሄደ፤ በማግስቱ ጋዜጣውን አትሞ ተከራከረ። ለልጅ ልጆቹም ለምን እንደተሸነፈ ሊነግራቸው ይችላል። በኛ ሰፈር ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ አፍሮ ያበጠረ የሃያ ዓመት ወጣት ፎቶ ነው። ስለሱ ስንጠይቅ እናቶቻችን ወሬ ይለውጣሉ። ስፔኖቹ ያገኙት ትልቁ ነገር ሃያው ወንበር አይመስለንም፤ ተሸንፎ መኖር መቻላቸው ነው።