መንትያ መሣሪያዎችና ስማቸው፤ ከካርቱም የተወሰደ ምሳሌ

ጦርነቱ በአፕሪል 2023 ከመነሣቱ በፊት በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያን አማራት የሚባለውን ሰፈር በሚገባ ያውቁታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ሰፈር አብዛኞቹ መንገዶች የሚጠሩት በጀግና ወይም በንጉሥ ስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ መንገድ 15፣ መንገድ 41፣ መንገድ 61 ይባላል። መንገድ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ቁጥሩ እንደ ስም ሆኖ ያገለግላል። ቁጥሩ የተሰጠው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚሰካ ዕቃ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል በቂ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዩኒክስ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ከ1969 ጀምሮ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት ይህ ሥርዓት ማናቸውንም መሣሪያ እንደ አንድ ፋይል ይቆጥራል። ፋይሎቹ የሚገኙት «ዴቭ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሁለት ቁጥሮች አሉት። የመጀመሪያው ቁጥር መሣሪያውን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያው ከዐይነቱ ስንተኛ እንደ ሆነ ያመለክታል። በዚያን ጊዜ አንድ መሣሪያ ከማሽኑ ጋር ከተገጠመ ለዓመታት አይነቀልም ነበርና፣ «ስንተኛ» የሚለው ቁጥር ልክ እንደ አማራት መንገዶች ቁጥር አስተማማኝ ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ አሠራር ወረሰ።

ሁኔታውን የለወጠው በጃንዩወሪ 1996 የወጣው ዩኤስቢ ነው። ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ መሣሪያ ይሰካል፣ ይነቀላል፤ በአንድ መስመርም እስከ 127 መሣሪያ ሊያያዝ ይችላል። ሊኑክስ ግን ቁጥር የሚሰጠው እንደ ቀድሞው ነበር፤ ቀድሞ ለታየው 0፣ ቀጥሎ ለታየው 1 ይሰጣል። አንድ መምህር ለተማሪዎቹ ተራ ቁጥር የሚሰጠው በየጠዋቱ ከበር በሚገቡበት ቅደም ተከተል ቢሆን ኖሮ፣ የሰኞው ውጤት ማክሰኞ በሌላ ልጅ ስም ይመዘገብ ነበር። በዲስክ ላይ ሲሆን ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ባዶውን ዲስክ አጠፋለሁ ያለ ሰው የዓመት ሥራ ያለበትን መንትያውን ያጠፋል።

ከ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በካርቱም ብዙ ሰው ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው በዛይን፣ በኤም ቲ ኤን ወይም በሱዳኒ መስመር በሚሠራ፣ ጣት በሚያህል የዩኤስቢ ሞደም ነበር። ከእነዚህ ሞደሞች ብዙዎቹ ሲሰኩ በመጀመሪያ ራሳቸውን ሲዲ አስመስለው ይቀርባሉ፤ ከዚያ ወደ ሞደምነት ይለወጡና አንዱ ብቻውን ሦስት ያህል ፋይሎች ይከፍታል። እንግዲህ አንዱ መስመር ሲቋረጥ ሌላው እንዲተካው ብሎ ሁለት ተመሳሳይ ሞደሞች የሰካ ሰው ከ0 እስከ 5 የተቆጠሩ ስድስት ፋይሎች ያገኛል። የትኞቹ ሦስቱ የዛይን፣ የትኞቹ ሦስቱ የሱዳኒ ናቸው? ቀድሞ የነቃው ሞደም የመጀመሪያዎቹን ይወስዳል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተራው ሊገለበጥ ይችላል። ሒሳቡም ካልታሰበበት ሲም ካርድ ላይ ይቆረጣል።

ለመፍትሔው በመጀመሪያ የተነሣው ሪቻርድ ጉች ነበር። የእሱ «ዴቭኤፍኤስ» በ2000 ወደ ሊኑክስ ገባ፤ ነገር ግን የስም አወጣጡን ሥራ በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ስላስቀመጠው ብዙ ክርክር አስነሣ። በ2003 ግሬግ ክሮሃርትማን በኦታዋ በተደረገው የሊኑክስ ጉባኤ ላይ «ዩዴቭ» የተባለውን ሥራውን አቀረበ። በዚያን ጊዜ በአንድ የሬድሃት 9 ማሽን «ዴቭ» ማኅደር ውስጥ ከ18,000 በላይ ፋይሎች ተዘርዝረው ይገኙ ነበር፤ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው ባዶ ስሞች ናቸው። በዩዴቭ አሠራር እምብርቱ «አንድ መሣሪያ መጥቷል» ብሎ ወሬውን ብቻ ይናገራል፤ ስሙን የሚወስነው በውጭ ያለ ፕሮግራም ነው፤ እሱም ባለቤቱ የጻፈውን ደንብ ይከተላል። ደንቡ የአምራቹን ቁጥር፣ የዕቃውን ዐይነት ቁጥርና የራሱን መለያ ቁጥር አይቶ፣ ሦስቱም ሲገጥሙ የተመረጠውን ስም በተጨማሪነት ይለጥፍበታል። ዴቭኤፍኤስ በ2006 ከሊኑክስ ወጣ።

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። የዩኤስቢ ደንብ መለያ ቁጥርን ግዴታ አላደረገም። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ቁጥር ያልተሰጣቸው፣ ወይም ለሁሉም አንድ ዐይነት ቁጥር የተሰጣቸው ርካሽ ዕቃዎች ብዙ ናቸው፤ ገበያችንን የሞሉትም እነዚሁ ናቸው። እንዲህ ላሉት ፍጹም መንትዮች ዩዴቭ የሚያቀርበው ሌላ መለያ ቦታ ነው፤ በየትኛው መስመር፣ በየትኛው ቀዳዳ ተሰካ የሚለው ነው። ሞደሙ ወደ ጎረቤት ቀዳዳ ከተዛወረ ስሙን ለመንትያው ትቶ ይሄዳል።

ሰውም በቦታው ብቻ ሊለይ እንደሚችል ካርቱም አይታለች። አሜሪካ በኖቬምበር 1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 ጸንቶ ነበር። በዚሁ ምክንያት የነጻ ፕሮግራሞች ማከማቻ የሆነው ሶርስፎርጅ በጃንዩወሪ 2010 ከሱዳን የሚመጡ ጠያቂዎችን ዘጋ፤ በቀጣዩ ወር ግን ውሳኔውን ለየፕሮግራሙ ባለቤቶች ተወ። መዝጊያው የሚያየው የኢንተርኔቱን አድራሻ፣ ማለትም የተሰኩበትን ቀዳዳ እንጂ ሰውየውን አልነበረም። ከካርቱም ሲጠይቅ የተከለከለ ኢትዮጵያዊ ድንበሩን ተሻግሮ ከመተማ ቢጠይቅ ይፈቀድለት ነበር። የዩዴቭ ጀማሪዎች ይጻጻፉበት የነበረው «ሊኑክስ ሆትፕለግ» የተባለው የውይይት መድረክ በዚሁ በሶርስፎርጅ የተስተናገደ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ለሞደሞች ግን ሦስተኛ መንገድ አለ። እያንዳንዱ ሞደም በዩኤስቢ በኩል ዝም ቢልም፣ እንደ ማንኛውም ተንቀሳቃሽ ስልክ ባለ 15 አሐዝ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሲም ካርዱም እንዲሁ የራሱ ቁጥር አለው። እነዚህን ለማወቅ ሞደሙን ከፍቶ በራሱ ቋንቋ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሊኑክስ ላይ «ሞደም ማኔጀር» የተባለው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ስለዚህ ደንብ ጸሐፊው አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው ስሙን ለቀዳዳው፣ ለሞደሙ ወይስ ለሲም ካርዱ እንደሚሰጥ ነው። ለካርቱሙ ሰውዬ ሒሳቡ የሚቆረጠው ከሲም ካርዱ ነው።