ወፍራም ትኩስ ቸኮሌት

ትኩስ ቸኮሌት ከካካዎ ፍሬ የሚገኝ፣ በወተት ወይም በውኃ ተፈልቶ የሚጠጣ መጠጥ ነው። በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት መጠጦች ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀጭኑ ነው፤ ኮኮዋና ስኳር የተደባለቀበት የታሸገ ዱቄት በትኩስ ወተት ተበጥብጦ ይቀርባል። ሁለተኛው በጣሊያኗ ቱሪን በማንኪያ የሚበላው፣ በማድሪድ ደግሞ ቹሮ የተባለው የተጠበሰ ሊጥ የሚጠቀስበት ወፍራሙ ነው። ሳን ሂኔስ የተባለው የማድሪድ ቤት ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ይታወቃል። ብዙ ሰው ለዚህ ውፍረት ስኳሩን ያመሰግናል፤ ስኳር ግን ማጣፈጥ እንጂ ማወፈሩ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ የለውም። ሥራውን የሚሠሩት ቅባት፣ ስታርችና አረፋ ናቸው። ካርቦሃይድሬት የሚቀንስ ሰው ወፍራሙን ቸኮሌት መተው የማይኖርበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥንቱንም ቢሆን መጠጡ ስኳር አያውቅም ነበር። ሰው በካካዎ መጠቀሙን የሚያሳየው እጅግ ቀደምት ማስረጃ የተገኘው ዛሬ ኢኳዶር በምትባለው አገር፣ ሳንታ አና ላ ፍሎሪዳ በተባለ ሥፍራ ሲሆን 5,300 ዓመት ገደማ ያስቆጥራል። ማያዎችና አዝቴኮች ፍሬውን አብላልተው፣ ቆልተውና በድንጋይ ፈጭተው በውኃ ይበጠብጡታል፤ ቃሪያ፣ ቫኒላ፣ አንዳንዴም የበቆሎ ዱቄት ወይም ማር ይጨምሩበታል። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው እያንቆረቆሩ የሚያስነሡት አረፋ ከመጠጡ ሁሉ የሚመረጠው ክፍል ነበር። የሸንኮራ ስኳር የገባበት ከስፔናውያን መምጣት በኋላ ነው። በሜክሲኮ ዛሬም ሞሊኒዮ በተባለ የእንጨት መምቻ፣ በሁለት መዳፍ መካከል እየተሽከረከረ ይመታል።

ቀጭኑ መጠጥ የተወለደው በ1828 ኔዘርላንድ ውስጥ ነው። ከካካዎ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። በዚያ ዓመት የፈጠራ መብት ያገኘው የቫን ሃውተን ቤተሰብ መጭመቂያ ይህን ቅባት አብዛኛውን እየጨመቀ አወጣው፤ የቀረው ደረቅ ቂጣም ተፈጭቶ ዛሬ ኮኮዋ የሚባለው ዱቄት ሆነ። ዱቄቱ ርካሽና ለመበጥበጥ የማያስቸግር ነበር። በሌላ በኩል በ1847 የእንግሊዙ ፍራይ ኩባንያ የካካዎ ቅባትን ከዱቄትና ከስኳር ጋር አዋህዶ የሚበላውን ጥፍጥፍ ቸኮሌት ሠራ። ቤቱ ወፍራም ቸኮሌት የሚያፈላ ሰው እንግዲህ የሚያደርገው የቫን ሃውተንን ሥራ መቀልበስ ነው፤ ከዱቄቱ የወጣውን ቅባት በጥፍጥፉ በኩል ይመልሳል። በኮኮዋ ብቻ የተፈላ ቸኮሌት የቱንም ያህል ዱቄት ቢበዛበት ምላስ ላይ አሸዋማ የሚሆነውም ይህ ቅባት ስለጎደለው ነው።

ለሁለት ሰው 400 ሚሊ ሊትር ያልተገፋ ወተት፣ 80 ግራም ካካዎው 70 በመቶ የሆነ ጥቁር ቸኮሌት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና ቆንጠር ተደርጎ ጨው ይበቃል። ኮኮዋ ፈሳሽ ላይ በቀጥታ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ስለዚህ ኮኮዋው፣ ስታርቹና ስኳሩ በመጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ወተት ይለወሳሉ፤ የቀረው ወተት ተጥዶ ሲሞቅ ልውሱ ገብቶ በዝግታ እሳት እየተማሰለ ይንተከተካል። የበቆሎ ስታርች ማበጥ የሚጀምረው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ወፈር ሲል ድስቱ ይወርድና የተሰባበረው ቸኮሌት ይጨመርበታል። ቸኮሌቱን እሳት ላይ ማቅለጥ አያስፈልግም። የካካዎ ቅባት ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጥ የወተቱ ግለት ብቻ ይበቃዋል፤ ድስት ግርጌ ተጣብቆ ካረረ ግን ሽታው አይለቅም። በመጨረሻ አረፋ እስኪያወጣ በመምቻ ይመታል።

ከፍታ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ወተትም ባሕር ጠረፍ ካለ ከተማ ይልቅ ፈጥኖ ይገነፍላል። ስታርቹን ለማወፈር ሙቀቱ አያንስም፤ እንዲበስልና የጥሬ ዱቄት ጣዕሙ እንዲለቅ ግን ጥቂት ደቂቃ መጨመር ያሻል።

ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ መጀመሪያ የት እንዳለ መለየት ይበጃል። ከላይ በተጠቀሰው አሠራር አንድ ስኒ በግምት 30 ግራም ይይዛል። ብዙዎችን የሚያስገርመው ከዚህ ውስጥ አሥር ግራም የሚጠጋው የወተቱ የራሱ ስኳር፣ ላክቶስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስኳርን ብቻ መተው መንገዱን አጋማሽ ላይ ማቆም ነው። በወተቱ ምትክ 300 ሚሊ ሊትር ያልጣፈጠ የአልሞንድ ወተትና 100 ሚሊ ሊትር ክሬም ይገባል፤ ቸኮሌቱ ወደ 30 ግራም ይወርድና ካካዎው 90 በመቶ የሆነው ይመረጣል፤ ኮኮዋው ወደ 20 ግራም ከፍ ይላል። የኮኮዋ ካርቦሃይድሬት ከግማሽ በላይ የማይፈጭ ፋይበር ነው። ስታርቹ ከነጭራሹ ይቀራል፤ የክሬሙ ቅባት ይተካዋል። ካስፈለገም ዛንታን ገም የተባለ ማወፈሪያ እጅግ ጥቂት ይነሰነስበታል፤ ከበዛ ግን መጠጡ ይዝለገለጋል። በዚህ አኳኋን አንድ ስኒ፣ ፋይበሩ ሲቀነስ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ግራም ቢይዝ ነው። ካሎሪው ግን አይቀንስም፤ ክሬም ክሬም ነው።

ለማጣፈጫ ኤሪትሪቶል የተለመደ ሲሆን ከስኳር ጣፋጭነት ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህል አለው፤ አፍ ውስጥ ቀዝቀዝ የሚል ስሜት ይተዋል። ትኩስ መጠጥ ላይ ይህ አያስከፋም። ስቴቪያ በጣም ጥቂቱ ይበቃል፤ ሲበዛ ይመርራል። አንዳንድ የታሸጉ ማጣፈጫዎች ውስጥ ማልቶዴክስትሪን መኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እሱ ራሱ ካርቦሃይድሬት ነውና የታለመውን ያከሽፋል። የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የአመጋገብ ለውጡን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገርበት ይሻላል።

ቸኮሌትና ጾም አውሮፓን በ17ኛው መቶ ዘመን ብዙ አከራክረዋል፤ ብራንካቾ የተባሉ ካርዲናል መጠጥ ስለሆነ ጾም አያስገድፍም ብለው ጽፈዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ጥያቄው ሌላ ነው። እስከ ጾሙ መፍቻ ሰዓት ድረስ መብልም መጠጥም የለም፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው የወተት ተዋጽኦ አለበት ወይ ነው። ጥቁር ቸኮሌትም ቢሆን የወተት ዱቄት ሊገባበት ስለሚችል ማሸጊያውን ማንበብ ይጠቅማል። ጾመኛው በኮኮናት ወይም በአልሞንድ ወተት ሊያፈላው ይችላል፤ በውኃ ብቻ ማፍላትም ይቻላል። በውኃ ሲሆን 60 ግራም ቸኮሌት ለ200 ሚሊ ሊትር ይመደብና የፈላው ውኃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ይመታል። የወተት ቅባት ስለማይሸፍነው የካካዎው ጣዕም ጎልቶ ይወጣል፤ የቸኮሌቱ ጥራት ዝቅተኛ ከሆነም ወዲያው ያስታውቃል።

ቡና ወዳዱ የቱሪኑን ቢቸሪን መሞከር ይችላል። በ1763 የተከፈተውና በዚሁ መጠጥ ስም የሚጠራው ካፌ ወፍራም ቸኮሌት፣ ኤስፕሬሶና ክሬም በትንሽ ብርጭቆ ሳያማስል፣ በንብርብር ያቀርባል። የተረፈ ቸኮሌት በማቀዝቀዣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ቅባቱ ስለሚረጋ እንደ ፑዲንግ ይጠነክራል፤ ጥቂት ወተት ጠብ ተደርጎበት በዝግታ እሳት ከተመታ ግን ይመለሳል።