የጨጓራና የአንጀት ዕጢ ሆድ ሳይከፈት የሚወጣው መቼ ነው?

በምግብ መውረጃ ቱቦ፣ በጨጓራ ወይም በአንጀት ውስጥ ዕጢ በተገኘ ቁጥር ሆድ ይከፈታል ማለት አይደለም። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ ማለትም ኢንዶስኮፒን በአፍ ወይም በፊንጢጣ በማስገባት ዕጢውን ከውስጥ ቆርጦ ማውጣት የሚቻልበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ በላይ የሚታየው የዕጢው ጥልቀት ነው። የጨጓራም ኾነ የአንጀት ግድግዳ ንብርብር አለው። ምግብ የሚነካው ስስ ሽፋን ይቀድማል፤ ከሥሩ የደምና የሊምፍ መሥመሮች የሚበዙበት ልል ንብርብር፣ ቀጥሎም ጡንቻ ይገኛል። ካንሰሩ በላይኛው ሽፋን ላይ እስከተወሰነ ድረስ ወደ ንፍፊቶች የመዛመት ዕድሉ አነስተኛ በመኾኑ ዕጢውን ብቻ ማንሳት ይበቃል። ሥር ያልሰደደ አረም በእጅ ተነቅሎ እንደሚያልቅ ማለት ነው። ጠልቆ ከገባ ግን ኢንዶስኮፒ ንፍፊቶችን ስለማያወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይመረጣል።

ለጨጓራ ካንሰር የቆየው መስፈርት ግልጽ ነው። ዕጢው ከላይኛው ሽፋን ያላለፈ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ቁስለት የሌለበት እና ሴሎቹ ከጤናማው ሴል ብዙም ያልራቁ መኾን አለበት። በጃፓን የዳበረ ሌላ ዘዴ ደግሞ ይህን ወሰን አስፍቶታል። ሐኪሙ ከዕጢው ሥር ፈሳሽ ወግቶ ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ ቢላዋ ዙሪያውን ቆርጦ በአንድ ቁራጭ ያነሳዋል። በዚህ መንገድ ቁስለት የሌለባቸው ሰፋ ያሉ ዕጢዎችም ይወጣሉ።

በትልቁ አንጀት የሚገኘው አብዛኛው እባጭ ገና ካንሰር ያልኾነ ፖሊፕ ነው፤ በሽቦ ቀለበት ታንቆ ይቆረጣል። ካንሰር ኾኖ ከተገኘም ከላይኛው ሽፋን በታች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ካልጠለቀ ኢንዶስኮፒው ሊበቃ ይችላል። በምግብ መውረጃ ቱቦ መስፈርቱ ጠበቅ ይላል። የቱቦው ዙሪያ በሰፊው ከተላጠ ጠባሳው ቱቦውን ያጠብበዋል።

ሕክምናው ያለ ስጋት አይደለም፤ መድማት እና የግድግዳ መበሳት ሊያጋጥም ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። የወጣው ዕጢ በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ጠርዙ ንጹሕ ካልኾነ ወይም ካንሰሩ የደም ሥር ውስጥ ገብቶ ከታየ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። ውጤቱ መልካም ቢኾንም እንኳን በቀጠሮ ደግሞ መታየት አይቀርም።

በኢትዮጵያ፣ በተለይ በአርሲና በባሌ፣ የምግብ መውረጃ ቱቦ ካንሰር በብዛት ይታያል። ብዙዎቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚቀርቡት እህል አልወርድ ሲላቸው ነው። በዚያን ጊዜ ዕጢው ጠልቋል፤ ኢንዶስኮፒው ለማውጣት ሳይኾን የተዘጋውን ቱቦ በማስፊያ ከፍቶ ፈሳሽ ለማሳለፍ ያገለግላል። ጠጣር ምግብ መያዝ ሲጀምር፣ ሰገራ ሲጠቁር ወይም ክብደት ያለምክንያት ሲቀንስ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከሰገራ ጋር የሚታይ ደምም ሳይመረመር “ኪንታሮት ነው” ተብሎ መታለፍ የለበትም።